የእንስላሉ ዳር

ስለ አጎቴ ደግነት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ብዙ ተወራ። እኔ ግን የማስታውሳቸው በሬ ሲያቆሙ ነው።

ጉና ግርጌ ባለው የድንች ማሳቸው ሲያርሱ፣ ያቺ ብቻዋን የምትኖር ጥቁር ተርብ ዝቅ ብላ አፈሩን ስታስስ ካዩ፣ «ቆይ፣ ትጨርስ!» ብለው በሬዎቹን ያቆማሉ። ተርቧ አፈሩን ቆፍራ ትገባና የድንች ሥር የሚበላውን የጢንዚዛ ትል ወግታ እንቁላሏን እላዩ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ልጇ ትሉን በልቶ ያድጋል።

«ደግ እንዳትመስልሽ» ይሉኝ ነበር። «ለልጇ ብላ ነው። እኛን ግን ጠቀመችን።»

ተርቧ አበባ ስለምትቀስም የማሳውን ዳር ሳያርሱ ለእንስላል ትተውላት ኖሩ። ልጆቻቸው መሬት ባከነ ብለው በዚህ ሁሌ እንዳኮረፏቸው ነበር።

አርባቸው ሳይደርስ ከደብረ ታቦር ብሄድ፣ የበኩር ልጃቸው ያንኑ ዳር ሲያርስ አገኘሁት። እንስላሉ ተነቅሎ ተከምሯል።

«ምነው፣ አርባቸው እንኳ ሳይወጣ?» አልኩት።

«ለተዝካራቸው ብዬ እኮ ነው የምለፋው» አለኝ። ዛሬ የታረሰ ለዚያ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል።

ከበሬዎቹ ፊት አንዲት ተርብ አፈሩ ላይ ትዞራለች። ሳላስበው «ቆይ፣ ትጨርስ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ዞር ብሎም አላየኝ። በሬዎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጅራፉን አነሳባቸው።