የውሃ አባቱ ዓይን

ከጅጋ ወረድ ብሎ ባለው የመስኖ መሬት ውሃ የሚያከፋፍሉት አያ ደሞዝ ናቸው። የውሃ አባት ሆነው ከተመረጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የማን ተራ እንደሆነ ሲናገሩ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ባለቤታቸው የሻሽወርቅ፣ “ተኝተውም ይዳኛሉ” ይሏቸዋል።

ባለፈው ጥር የጎረቤት ሰርግ ላይ ሲያወጉ ድንገት ግማሽ ራሳቸውን ፈለጣቸው። ቀኝ ዓይናቸው ደም መሰለ። በአምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና ታያቸው፤ ወዲያው አስመለሳቸው።

“ጠላው ነው” አሉ የሻሽወርቅ።

“ገና በሁለት ጣሳ?”

“አራት ነው።”

በማግሥቱም ስላልተሻላቸው ፍኖተ ሰላም ሄዱ። የዓይን ባለሙያዋ የዓይናቸውን ግፊት ስትለካ ደነገጠች። ጠብታና ኪኒን ሰጥታ በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ላከቻቸው።

እዚያ የተቀበለቻቸው ሄቨን የምትባል ወጣት ሐኪም ናት።

“አባቴ፣ ዓይን ውስጥ የሚመላለስ ውሃ አለ። የእርስዎ መውጫው ተዘግቶ ውሃው ታምቋል። በጨረር ትንሽ ቀዳዳ እንከፍትለታለን።”

የአያ ደሞዝ ፊት በራ። “ቦዩ ተደፈነ በይኛ! ከላይ ነው ከታች የምትከፍችው?”

“ከላይ። ግራውንም እንሠራዋለን፤ እሱም ጠባብ ነው።”

“እሱ እኮ ምንም አላጠፋም!”

“ሳያጠፋ ነው የምንይዘው።”

ጭንቁ የመጣው አገጫቸውን መሣሪያው ላይ ካስደገፉ በኋላ ነው።

“አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ” አለች ሄቨን።

“እሺ፣ ዝም ነው። አንድ ጊዜ የኛ ወንዝ ሲሞላ…”

ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አቆመች። በመጨረሻ የሻሽወርቅን ከውጭ አስጠራቻቸው። እሳቸውም ከኋላ ቆመው የባላቸውን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ያዙ። “አንድ ቃል ቢተነፍሱ የጣሳውን ነገር እነግራታለሁ!”

አያ ደሞዝ ጸጥ አሉ። ጨረሩ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ሁለቱም ዓይን እስኪያልቅ ትንፍሽ አላሉም። የሻሽወርቅ ሲወጡ መሣሪያውን ዞር ብለው እያዩ፣ “ለቤት የሚሆን የለም?” ብለው ጠየቁ።

ግፊቱ ወረደ፤ ግራው ሳይታመም ተረፈ። ቀኙ ግን ጥቂት ጭጋግ ቀርቶበታል። “በሰርጉ ዕለት ብመጣ ኖሮስ?” ሲሉ ሄቨን “ይሻል ነበር” አለቻቸው። ይህቺ ቃል ከነከነቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑ የቀላ ሰው አያመልጣቸውም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸውን እህተ ማርያምን፣ የገበያ ቀኗ መሆኑን እየነገረቻቸው፣ ባጃጅ ላይ ጭነው ፍኖተ ሰላም ወሰዷት። ከዓይኗ የወጣው የጤፍ እብቅ ነው። ሲመለሱ ተቆጥታ ፊቷን አዞረችባቸው፤ እሳቸው ግን ስለ ዓይን ቦይ እስከ ጅጋ ድረስ አስረዷት።