አሥር እና አርባ አንድ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ክረምት ነው፣ ሩዙ ለአረም ደርሷል፤ ዓመቱ ግን ጠፍቶብኛል። ወገቤ ተያዘ። ጎንበስ ካልሁ ቀና ማለት አቃተኝ። በነጠላ ጥፍር አድርጌ አስሬው ሰነበትሁ፤ አልለቀቀኝም። ጎረቤቴ መሬቱን ከዘንድሮ ጀምሮ በእኩል ልያዘው፣ እኔ አርሼ ምርቱን እንካፈል አለኝ። አንዴ ለሌላ እጅ ሰጥቶ መልሶ ያረሰ ሽማግሌ በሰፈራችን አላየሁም። ስለዚህ ወሬታ ከተማ ሐኪም ቤት ወርጄ ታየሁ።

ያየችኝ ወገብን በእንቅስቃሴ የምታክም ሴት ናት። አረም ሲነቅሉ እንዴት እንደሆነ ያሳዩኝ አለች። ጉልበቴን ሳላጥፍ ከወገቤ ታጠፍሁ።

«ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነዎት?»

«ታዲያ በየት በኩል ልጎንበስ?»

ሳቀች። ጉልበቴን አጥፌ፣ ጀርባዬን ሳላጎብጥ ከዳሌዬ እንድጎነብስ አስተማረችኝ። ደግሞ በሆድ ተኝቶ፣ በክንድ ተደግፎ ደረትን ቀና ማድረግ። ጧት አሥር፣ ማታ አሥር ጊዜ፤ ከዚያ እንዳያልፉ አለችኝ።

ቤቴ ስገባ አሥር አነሰችብኝ። እኛ እግዚኦታ የምናደርሰው አርባ አንድ ጊዜ ነው፤ ሲቆጥር የኖረ ጣቴም እሱን ነው የሚያውቀው። ጧትም ማታም አርባ አንድ ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ከመኝታዬ መነሣት ተሳነኝ።

ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጣና «እንግዲህ የመሬቱን ነገር ቁርጡን ይንገሩኝ» አለ። እሺ ልለው ነበር። ሚስቴ ቀደመችኝ።

«ለሁለተኛው አረም ይደርሳሉ፤ እስከዚያ ታገሠን» አለችው።

ሻል ሲለኝ ተመልሼ ሄድሁና አርባ አንዱን ለሴትዮዋ ተናዘዝሁ።

«ንስሐ ሰጠሁዎት እንዴ?» አለችኝ። ዐርፌ ከአምስት እንድጀምር አዘዘች።

ከዚያ ወዲያ ቆጠራውን ሚስቴ ያዘችው። ምንጣፉ ላይ ስተኛ አጠገቤ ጥጥ እየፈተለች ትቆጥራለች።

«አሥር! በቃ፣ ይነሡ አንቱ።»

«እኔ እኮ አልደከመኝም።»

«ቆጣሪዋ ደክሟታል።»

ለሁለተኛው አረም ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴን አጥፌ፣ ትንሽ ነቅዬ፣ ቀና ብዬ፣ እንደገና። የአንድ ቀኑን ሥራ በአራት ቀን ጨረስሁት። ጎረቤቴ ዳሩ ላይ ቆሞ አየኝና ሰላምታ ሰጥቶኝ አለፈ፤ የመሬቱን ነገር ደግሞ አላነሣብኝም። ወገቤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይይዘኛል። መሬቱን ግን የማርሰው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ደግፋ ያሳለፈችኝ ሚስቴ ናት።