በሰናፍጭ ሽታ የጠራሁት ክሽክሽ

በ1972 ዓ.ም. ብልባላ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ የአንድ ዓመት የግብርና ሥልጠና፣ አንድ የምስክር ወረቀትና ማንም ያልጠየቀኝ ብዙ ምክር ይዤ ነበር። በዚሁ ምክሬ ጉድ ውስጥ የገቡት እትዬ ብርቅዬ ናቸው።

ባላቸው ከሞቱ ወር ሆኗል። የአርባው ተዝካር የሚውለው በገና ጾም ነው፤ ምስሩን ደግሞ ውርጭ መትቶባቸዋል። ለእንግዳው የሚቀርበው ወጥ ምንጩ ሥር ያለው ጎመን ብቻ ነበር። በጎመኑ ዳር ዳር ሰናፍጭ ቆሟል፤ የሰናፍጩን ቅጠል ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ወርሶታል።

«ይኼን የተባይ ጎሬ ለምን አይነቅሉትም?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ሟቹ ነው የዘራው። ተባዮቹ እሱን ሲበሉ ጎመኑን ይረሱታል።»

ሳቄን ዋጥኩ። የሰናፍጭ ሽታ እኔን ራሴን ያስለቅሰኛል፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ተባይ እንዴት ትችለዋለች? ሰናፍጩን ነቀልኩት፣ ቅጠሉን እያለቀስኩ ወቀጥኩት፣ በውኃ በጥብጬ ጎመኑ ላይ ረጨሁት። ጠበል የምረጭ ነበር የምመስለው።

በሳምንቱ ስመለስ ጎመኑ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። ክሽክሽ!

«አንተን ቢያስለቅስህ እነሱን ምን አገባቸው? ጎመን የት እንዳለ የሚያውቁት በዚሁ ሽታ ነው» አሉ እትዬ ብርቅዬ። «እኔ ካህናቱን ልጠራ፣ አንተ ቀድመህ ክሽክሹን ጠራህብኝ!»

«አመድ ብንነሰንስበት...»

«ተዝካሩ ከነገ ወዲያ ነው እኮ! ደግሞስ በጾም ነፍሳት ላብላቸው? የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል አንዲት ካዩ እጃቸውን ታጥበው ይነሳሉ። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ይወጣል።»

ሁለት ቀን ምንጩ ዳር ተቀምጬ፣ ደህና ደህናውን ቅጠል እየመረጥኩ ፊትና ጀርባውን በጨው ውኃ አጠብኩ። ውኃ ቀጂዎቹ «የግብርናው፣ ሊጥም ታቦካለህ?» እያሉ አለፉ። ግማሹ ጎመን ለከብት ሄደ፤ የቀረው ድስት ገባ።

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ ጥግ ቆሜ የአባን እጅ አያለሁ። ጎረሱ። አላመጡ። ደገሙ። ከዚያ «ጨምሩልኝ» አሉ፤ እኔም ተነፈስኩ።

«ብርቅዬ፣ ጎመንሽ ጥርት ያለ ነው። ማን አጠበልሽ?»

«መንግሥት» አሉ እትዬ ብርቅዬ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔ በጨው የተላጠ እጄን ኪሴ ከተትኩ።