እህቴ ያልተሰማት ቃጠሎ

ይህ የደረሰብን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው።

እህቴ ስንዱ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ቁመቷ ግን ከወገቤ ብዙም አያልፍም። ከተወለደች ጀምሮ እጅና እግሯ አጫጭር ናቸው። ወረታ ውስጥ አንድ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሩዝ ስታበጥር ኖራለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለመምህርነት ያበቃችኝ እሷ ናት።

ክረምቱ እንደወጣ አካሄዷ ተለወጠ። ጥቂት ከተራመደች መንገድ ዳር ቁጢጥ ትላለች። ትንሽ ቆይታ ትነሣለች፤ ደግሞ ቁጢጥ።

"እግሬ ይደነዝዝብኛል፤ ቁጢጥ ስል ይለቀኛል" ትለኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ አለፍሁት።

ለኅዳር ሚካኤል ቁሐር ወደሚኖሩት አክስታችን ሄድን። ባጃጁ ጭቃው ሲበዛበት አወረደን፤ የቀረው የእግር መንገድ ነው። ስንዱ በየደቂቃው ትቀመጣለች። የበዓል ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ያልፈናል። አንዱ ጎረምሳ ዞር ብሎ፣

"እንዲህ ከሆነማ ለከርሞው ሚካኤል ትደርሳላችሁ!" ሲል አብረውት ያሉት ሳቁ። ከመካከላቸው ሁለቱ ተማሪዎቼ ነበሩ።

መቆጣት የነበረብኝ በእነሱ ነው። እኔ ግን ወደ እሷ ዞርሁ።

"እታለም፣ ሰው እያየን እኮ ነው! እንደ ሕፃን በየመንገዱ አትቀመጪ። ተነሽ!"

ቀና ብላ አየችኝ። ተነሥታ ጥርሷን ነክሳ እስከ አክስታችን ደጅ ድረስ ሳትቀመጥ ሄደች። ስንደርስ ቀሚሷ ከኋላ ረጥቧል።

"የመንገዱ ውኃ ነው" አለች። ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኋት።

ከዚያ ወዲህ እየባሰባት ሄደ። ጥር ላይ ጎረቤቶቻችን "ወንዛዬ ውሰዳት፤ ፍል ውኃው ያፍታታታል" አሉኝ። ወሰድኋት። ሰው ሁሉ ገና እግሩን ሲያስገባ ኡፍ ኡፍ ይላል። እሷ ግን እስከ ወገቧ ገብታ "ውኃው ምነው ቀዘቀዘ?" አለችኝ። አሾፈች ብዬ ሳቅሁ።

ቤት በተመለስን ማግስት ጨው በሞቀ ውኃ ላድርግላት ብዬ ማንቆርቆሪያውን ጣድሁ። እግሯን ሳፋው ውስጥ አስገብቼ ቀስ እያልሁ ጨመርሁ።

"ሞቀሽ?"

"ኧረ ምንም። ጨምር።"

ጨመርሁ።

"አሁንስ?"

"ጨምር አልሁህ እኮ።"

የቀረውን ሁሉ ገለበጥሁት። ከዚያ እግሯን ላሽላት ብዬ እጄን ስሰድ ውኃው እሳት ሆኖ አባረረኝ። እግሯን ብድግ ሳደርገው ቆዳው ተልጦ በጣቶቼ ላይ ቀረ። እየጮኽሁ ቀና ብል እሷ በግርምት ታየኛለች።

"ምን ሆንህ? እጅህን አቃጠለህ?"

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም የተቃጠለውን ጠቅልሎ ሲያበቃ ጀርባዋን ነካካ፤ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ።

"ቃጠሎው ይድናል። የሚያስፈራው አለመሰማቱ ነው" አለኝ። እንደ እሷ ያሉ ሰዎች የአከርካሪያቸው ውስጡ ሲፈጠር ጀምሮ ጠባብ እንደሆነ፣ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ነርቩን ጨምቆ እንደሚይዘው አስረዳኝ። "ስትሄድ ቁጢጥ ማለት ታበዛ ነበር?"

"አዎ።"

"ቁጢጥ ስትል ጀርባዋ ይከፈትላታል፤ ነርቩ ፋታ ያገኛል" አለኝና ወደ እሷ ዞሮ፣ "ሽንትሽንስ ትቆጣጠሪዋለሽ?" አላት።

ስንዱ አንገቷን ደፋች።

"ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ያመልጠኛል" አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልሁ። ሐኪሙ "ያን ጊዜ ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ወስጃት ጀርባዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሕመሙ ለቀቃት፤ እግሯ ግን አልተመለሰም። አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው።

በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ አወጣታለሁ። የሰፈሩ ሰው "እህቱን እንዴት ይንከባከባታል፣ እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል" እያለ ይመርቀኛል። ምርቃቱን በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

አክስታችን እንኳ ያን ቀን መንገድ ላይ ያደረግሁትን አያውቁም። እንዴት እንዲህ ሆንሽ ብለው ሲጠይቋት፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ፣ "የእግዜር ሥራ ነው፤ ማንም ምንም አላደረገኝም" ትላቸዋለች። እኔም ዝም እላለሁ። ይህን የጻፍሁት ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እውነቱን እንድናገር ነው።