ከእናቴ አፍ ያልወጣው ቃል

የልጅ ልጄ ለትምህርት ጃፓን ልትሄድ ነውና ሰሞኑን ቤቱ በሙሉ ጃፓንኛ ሆኗል። ትናንት ቆሎ እየቆረጠምን፣ ጃፓኖች ሰው ሲኖር «ኢማስ»፣ ዕቃ ሲኖር «አሪማስ»፣ ሰው ከሌለ ደግሞ «ኢማሴን» እንደሚሉ አስረዳችኝ። ስለ መኖርና አለመኖር ይህን ያህል መጠንቀቃቸው ደስ አለኝ። እናቴን አስታወሱኝ።

በጣሊያን ጊዜ መተማ አጠገብ ሰሊጥ እናርስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከሱዳን ወገን ለአርበኞች ጥይት ያመላልሳል። ጣሊያን ሲፈልገው ጊዜ የመንደሩ ሰው «ወባ ገደለው» ብሎ አስወራ። እናቴ ግን ከእሱ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ በሕይወት ያለውን ልጄን የለም ብዬ አላሟርትበትም አለች። ብንለምናትም ብንቆጣትም ንቅንቅ አላለችም።

በጥቅምት፣ የሰሊጡ ነዶ እንዲደርቅ ተደጋግፎ በቆመበት ሰሞን፣ አያሌው የእናቱ ገንፎ አምሮት ከች አለ። ገንፎው ሳይወጣ የጣሊያን አስካሪ ወታደሮች ደረሱ። እሱ ነዶው ውስጥ ተወሸቀ።

አለቃቸው ዐረብኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ ልጅሽ አለ ወይስ የለም ብሎ እናቴን ጠየቃት። እሷ ገንፎውን ታማስላለች። የሽማግሌው ዓይን ወደ ነዶው ዞረ።

እኔ ለሱዳን ነጋዴዎች እንቁላል ስሸጥ «ፊ» አለ፣ «ማፊ» የለም ማለት እንደሆነ ለምጃለሁ። በእነዚህ በሁለቱ ገበያውን ሙሉ መዞር ይቻላል።

«ማፊ» አልኩት። «ወባ።»

ከዚያ አለቀስኩ፤ የፍርሃት ልቅሶ ነው። ሽማግሌው የእናቴን ዝምታ እንደ ሐዘን ቆጠረውና «አላህ ይርሐሞ» ብሎ ነፍስ ይማር አለን። ዶሮዎቻችንን ይዘው ሄዱ።

ምስጋና ስጠብቅ እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች መጣችብኝ።

«በባዳ ቋንቋም ቢሆን ሟርት ሟርት ነው። ቃልሽን መልሺ።»

«ፊ፣ ፊ» እያልኩ ነዶውን ዞርኩ። አያሌው ጆሮውና ቅንድቡ ሰሊጥ ለብሶ ወጣ። ያረረውን ገንፎ በሰሊጥ ዘይት ሲውጥ ሳቁ ሊያንቀው ደረሰ።

የልጅ ልጄም ይህን ሰምታ ሳቀች። ከዚያ መደቡ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተኛውን አያሌውን ጠራችው። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ አልሰማትም።

«አባባ አያሌው ኢማሴን» አለች ለቀልድ።

ብድግ ስል ቆሎው ከጭኔ ተደፋ።

«ቃልሽን መልሺ» አልኳት።

«ኢማስ» አለች ደንግጣ።

ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁና እኔም ቀስ ብዬ ደገምኩት።