የእማማ ሐሊማን ኮምፒውተር ላጸዳ የሄድኩ ዕለት

ጅል መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ አልነሳ ብሎኝ ከጠዋት እስከ ምሳ ስታገለው ቆየሁ። ነቀነቅሁት፣ ገለበጥሁት፣ ለመንኩት። በመጨረሻ ባለቤቴ መጥታ የግድግዳውን ማብሪያ ቀጭ ስታደርገው ቦግ አለ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አሶሳ ትዝ አለችኝ።

ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የገባሁት ገና ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ነው። ዝናቡ ጉድ ነበር! እኛ አገር ይዘንባል፤ አሶሳ ግን ሰማዩ ተገልብጦ ይደፋል። ሲያባራ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ይዞ ያስቀርና እኔ በካልሲ እሻገራለሁ። የማንጎ ወቅት ከሆነ ደግሞ ፍሬው ቆርቆሮዬ ላይ ዱብ ባለ ቁጥር ከወንበሬ እዘላለሁ።

ጎረቤቶቼ የበርታ ብሔረሰብ ሰዎች ነበሩ። አስተማሪ ስለሆንኩ «ኡስታዝ» ይሉኛል። ደረቴ በዚህ ሰፍቶ፣ ኮሌጅ ሳለሁ የወሰድኳትን አጭር የኮምፒውተር ኮርስ ላልጠየቀኝ ሁሉ አወራ ነበር። ወሬው ከግቢዬ ቀጥሎ የሚኖሩት እማማ ሐሊማ ጋ ደረሰ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ካርቱም የሚሠራው ልጃቸው በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል በጭነት መኪና ያመጣላቸው ኮምፒውተር ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ሳሎናቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። አንድ ከሰዓት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ኡስታዝ፣ ኮምፒውተር ታመመ። ይጮኻል፣ ግን ምንም አይታይም።»

«ቫይረስ ነው» አልኩ፣ ገና ከአጥር ማዶ ሆኜ። «አጸዳዋለሁ!»

«አላህ ይባርክህ። አጽዳ፣ በደንብ አጽዳ።»

ያን ጊዜ የማውቀው ሕክምና አንድ ብቻ ነበር፤ ፎርማት። ኮምፒውተር ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ቢዘጋ ፎርማት፣ ቢያስነጥስም ፎርማት። ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው፤ እኛ «ማጽዳት» እንለው ነበር። በሽተኛውን ሳላይ ሲዲዬን ኪሴ ከትቼ፣ መፍቻ ተውሼ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሽማግሌ ይዤ ልጅ ልጠይቅ የምሄድ ነበር የምመስለው።

እማማም ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። እርጥብ ጨርቅ፣ በሳፋ የሳሙና ውሃ፣ ብሩሽ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል።

«ውሃው ለምንድን ነው እማማ?»

«እናጸዳለን አላልክም?»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «እንደሱ አይደለም! እኔ የማጸዳው ውስጡን ነው። ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል፣ አዲስ ይሆናል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ምንም አይቀርም።»

«ሽማግሌውም?»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ለካ ልጃቸው ለእረፍት በመጣ ጊዜ የአባቱን ድምፅ ቀድቶ እዚያ ውስጥ አስቀምጦታል። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም። እማማ ጁምዓ ጁምዓ ልጆቹን እያስከፈቱ ይሰሙ ነበር። እኔ ጠርጌ ልጥለው የመጣሁት ቆሻሻ የእሳቸው ባል ነበር!

ሲዲውን ከኪሴ አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ጀመርኩ፤ መጠየቅ። እንዴት ነው የሚጮኸው? «ጢ... ጢ... ጢ» አሉ እማማ። ከመቼ ጀምሮ? «ጣሪያው ሲያፈስ ከዚያ ጥግ ተሸክመን አመጣነው፤ ከዚያ ወዲህ ነው» አለች ትልቋ ልጅ። ሶኬቱን ነቀልኩ። በሳሙናው ውሃ እጄን ታጥቤ አደረቅሁ። ደረቅ ጨርቅ አነጠፍኩ። የትኛው ገመድ የት እንደነበር ልጅቷ እንድትይዝልኝ አደራ አልኳት። የሰውነቴ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው ብረቱን ነካ አደረግሁ። እማማ «ቢስሚላህ» አሉ፣ እኔም አማተብኩና ከፈትኩት።

ቀይ አቧራ! የኩርሙክ መንገድ እንዳለ ገብቶ ተኝቷል። በብሩሽ ገለጥ ሳደርገው ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚታይ ከተማ መሰለኝ፤ ቀጫጭን መንገዶች፣ የተደረደሩ ቤቶች፣ ሰው የለም። ከዚህ ሁሉ የቱ ጋ ነው አንድ ሽማግሌ የሚያድሩት? ኮርሱን ወስጃለሁ፣ መልሱን አውቃለሁ፤ ብሩሹን ግን አቅልዬ ያዝሁት።

ሲሸከሙት ላልታ ይሆናል ብዬ ራም የምትባለውን ካርድ ነቅዬ ጥርሷን በላጲስ ፈተግኩ፣ መልሼ ቀጭ አደረግኋት። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ልጅቷ ገመዶቹን ሰካካች። አበራሁ። አልጮኸም። ስክሪኑ ቀስ ብሎ በራ። ልጅቷ እንደ ጁምዓው ቀን የአባቷን ድምፅ ከፈተችው።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ከዚያ ከባድ፣ የረጋ ድምፅ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም!» አሉ እናትና ልጆች ባንድ አፍ፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው። እኔም፣ ዲያቆን ነበርኩኮ፣ ሳላስበው ቆሜ መለስኩ። ሽማግሌው በበርታኛ ቀጠሉ። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ፀጉሬ ግን ቆሟል። በሕይወት ያላገኘኋቸውን ሰው ያን ዕለት ተዋወቅኋቸው።

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልኝ። እስከ ዛሬም ሰዎች «ስልኬ ሞላ» ብለው በአንድ ጣት ደርሰው ሲያጠፉ ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ስወጣ እማማ ሐሊማ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ኡስታዝ» አሉኝ፣ «አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። ግን ሌላ ቀን ሰው ቤት ለማጽዳት ስትገባ፣ መጀመሪያ ‹ውስጥ ማን አለ?› በል።»