በሁዳዴ የተለካ ጣት

ጋሼ ተገኘ ወርቅ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት መዶሻ አልጨበጥሁም። እሳቸው ብር ሲሞርዱ ሳይ ዋልሁ። ልወጣ ስል በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ሱሪህን አራግፍ» አሉኝ።

«ምን ሰረቅሁ?» አልሁ ቱግ ብዬ። ያኔም ቁጡ ነበርሁ፤ ዛሬም አልተወኝም።

«ሌባ ማን አለህ? የሰው ብር በሱሪህ እጥፋት ይዘህ እየሄድህ ነው።»

ከጠረጴዛው ሥር የተነጠፈው ቁርበት ላይ አራገፍሁ። የጤፍ ፍሬ የማታህል ብናኝ ወደቀች። እሷን ከቀረው ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ጠቀለሉና የባለቤቱን ስም ጻፉበት። «ብናኙም የባለቤቱ ነው» አሉኝ። እኔ በሆዴ «አይ ስስት!» እያልሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እሳቸው ሲያርፉ ሱቁን እኔ ያዝሁት። ባሕር ዳር ውስጥ ለስንቱ ሙሽራ ቀለበት እንደሠራሁ አልቆጠርሁትም። ሁሉም ወርቅ፣ ሁሉም ልሙጥ ነበር። ኋላ የወርቅ ዋጋ አልቀመስ አለ። እጮኛሞች ይገባሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ «እንመካከርና እንመለሳለን» ብለው ይወጣሉ። አይመለሱም።

አንድ የሁዳዴ ቅዳሜ ሰብለ የምትባል መምህርት ከእጮኛዋ ጋር መጣች። እሷ ፔዳ አካባቢ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ሳቂታ ልጅ ናት። እሱ ዲያቆን ሙሉቀን ይባላል፤ ዘጌ ነው የሚያገለግለው፤ በጀልባ ተሻግሮ ነው የመጣው። ስልኳን አውጥታ የአንድ ቀለበት ፎቶ አሳየችኝ። ሁለት ዓይነት ማዕድን ተነባብሮ፣ ላዩ እንደ ተሰነጠቀ የዋንዛ ሳንቃ መስመር በመስመር ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ይሠራሉ?»

«እንዴታ!» አልሁ። በዕድሜዬ ሠርቼው አላውቅም።

ዲያቆኑ ከመሐረቡ ውስጥ የብር አልቦ ፈታ። «የእናቴ የእግር ጌጥ ነው» አለኝ። «አርፋለች። ሠርግህን ሳላይ አልሞትም ትለኝ ነበር። ይኸ በሁለታችን ጣት ላይ ቢውል ብዬ ነው።»

የአልቦውን ጫፍ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ሙቀቱ ወዲያው እጄ ድረስ ደርሶ ጣቴን ፈጀኝ። ብር እንዲህ ነው፤ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል። በድንጋይና በአሲድም ፈተንሁት፤ ጥሩ ብር ነው።

ከብሩ ጋር ምን ይነባበር? ወርቅ ያምራል፤ አቅማቸው ግን አይደርስም። ናስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እሳት ሲበዛበት ይጨሳል፣ ንብርብሩንም ያበላሻል። ኒኬል ያለበት ነገር የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ዕድሜ ልክ የሚጠለቅ ነገር ውስጥ አላስገባውም። የቀረው መዳብ ነው።

«መዳብ ጣት አረንጓዴ ያደርግ የለ?» አለች ሰብለ።

«ውስጡን በብር እለብጠዋለሁ። ጣታችሁን የሚነካው ብር ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ይሁን» አለ እሱ። የሁለቱንም ጣት ለካሁ።

በራሴ ብርና መዳብ ተለማመድሁ። ስሱን ስሱን ጠፍጥፌ፣ አጽድቼ፣ አፈራርቄ ደረደርሁና በሁለት ብረት መካከል አጥብቄ አሰርሁት። ከዚያ ከሰል እሳት ውስጥ አስገባሁት። ጠርዙ ላብ ያወጣ ሲመስል ወዲያው መውጣት አለበት፤ ትንሽ ከዘገየ ሁሉም ቀልጦ አንድ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቀለጠብኝ። በሦስተኛው ተያያዘ። የእናቱን ብር የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከመዳብ ጋር አያይዤ፣ ጠፍጥፌ በመሮ ፈለፈልሁት፤ እንደገና ስጠፈጥፈው ቀዩና ነጩ መስመር ወጣ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ፋሲካ አለፈ። ሠርጉ ዳግም ትንሣኤ እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም መጡ። የሰብለ ቀለበት ልክክ አለ። የዲያቆኑ ግን የጣቱን አንጓ አላልፍ አለ። ሳሙና ቀባነው። ወይ ፍንክች!

«ነገ ና፣ አሰፋዋለሁ» አልሁት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአሰገደች ነገርኋት።

«ምን ጊዜ ነው የለካኸው?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«እናንተዬ!» አለች እየሳቀች። «በቀን አንዴ፣ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቆሎ የሚቀምስን ዲያቆን ጣት ለክተህ፣ ዶሮና ቅርጥ ሲበላ ከሰነበተ በኋላ ልታጠልቅለት?»

ደነገጥሁ። ልሙጥ ወርቅ ቢሆን ዘንግ ላይ አጥልቄ ሁለት ሦስቴ ብመታው ይሰፋል። ንብርብር አንዴ ከተዘረጋ ይከፈታል። ይኸን እያወቅሁ፣ አፍሬ፣ ዓርብ ጠዋት አሙቄ መታሁት። በሦስተኛው ምት ከንብርብሩ አንዱ ተላቀቀ። የሟች እናቱ ብር በእጄ ላይ ተሰነጠቀ።

በብየዳ ደፍኜ ባሳምረው ማንም አያውቅም ነበር። ሠርጉም ያልፋል። ኋላ ግን አንድ ቀን ጣቱ ላይ እያለ ይከፈታል። እጄ የብየዳውን መሣሪያ አንስቶ ነበር፤ አልዋሽም።

ዲያቆኑ ከሰዓት ሲመጣ አሳየሁት። «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በጾም ለካሁህ፣ አሁን ደግሞ በጉልበት መታሁት።» ቀለበቱን ተቀበለኝ። ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ዓይኑ እንባ ሲያቀር አየሁና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድሁ።

«ሌላ የእሷ ነገር የለኝም» አለ።

ያኔ ጋሼ ተገኘ ትዝ አሉኝ። መሳቢያውን ከፈትሁ። ቀለበቶቹን ሳስረክብ ልመልስለት ያስቀመጥሁት የወረቀት ጥቅልል አለ፤ ላዩ ላይ «የዲያቆን ሙሉቀን እናት» ይላል። ከአልቦው የተረፈው ቁርጥራጭና ብናኝ ነው፤ መዳብ ያልነካው።

መጀመሪያ ጣቱን ደግሜ ለካሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ከዚያ ብሩን እዚያው ፊቱ አቀለጥሁት። ከቀለበቱ የተከፈተውን ቦታ ቆርጬ አወጣሁ። በምትኩ ከወጣው ሰፋ ያለች፣ የገብስ ፍሬ የምታህል ልሙጥ ብር አስገባሁ፤ በየዳሁ፣ ሞረድሁ። ጣቱን ደግሜ ለካሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ቀለበቱ አንጓውን አልፎ ገባ።

መስመሩ እዚያች ቦታ ላይ ይቋረጣል፤ ነጭ ብቻ ናት። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

«ሌላው ከመዳብ ጋር ነው» አለ። «ይቺ ብቻዋን እናቴ ናት። ሠርጌን ልታይ መጣች።»

ፊቴን ወደ ወናፉ አዞርሁ።

ይኸን ሥራ ለምትይዙ፦ የጾም ጣት አይለካም። ከለካችሁም ከፋሲካ በኋላ ድገሙት። ብናኙንም አትጣሉ።